ስሟን አልጠራሁም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ስዘረዝር ይህችን ዘልያታለሁ። ብትታዘቡኝ ታዘቡኝ፤ ብቻ እንዳታዝኑልኝ።

ነቀምቴ ኮሌጅ ስማር የአቻ ለአቻ የጤና አስተማሪ ነበርኩ። በፈቃዴ ነው የገባሁት፤ ማንም አላስገደደኝም። ጀርባው ላይ «ምስጢርሽ ምስጢራችን ነው» የሚል ቲሸርት ሰጥተውን ነበር። እሱን ለብሼ ኡኬ ከተማ ቤተሰቦቼ ቤት ድረስ እሄድ ነበር፣ ሰው እንዲያይልኝ። ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ቁልፍ ያለው የጥያቄ ሣጥን አኑረናል። ተማሪው ስሙን ሳይጽፍ የጨነቀውን ይጥልበታል፤ እኛ ረቡዕ ረቡዕ ከምሳ በኋላ አዳራሽ ውስጥ እያነበብን እንመልሳለን።

በኮሌጁ መኝታ ክፍል አብራኝ የምትኖር፣ ከዲጋ ወረዳ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። ሲምቦ ልበላት፤ እውነተኛ ስሟ አይደለም። አዎ፣ ዛሬማ ስም መደበቅ ተምሬያለሁ! በተደራራቢው አልጋ እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች ነበርን። «ኦቦሌቲ ኮ» ነበር የምትለኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው። እኔ ሰነፍ ነኝ፤ ፈተና ያለፍኩት የእሷን ደብተር እየገለበጥኩ ነው። ስለዚህ የእጅ ጽሑፏን ከራሴው አብልጬ አውቀዋለሁ።

አንድ ረቡዕ መድረክ ላይ ቆሜ አንዷን ወረቀት እንደዘረጋሁ ጽሑፉን አወቅሁት። «ከተወለድኩ ጀምሮ ቫይረሱ በደሜ አለ። መድኃኒቴን አቋርጬ አላውቅም። አሁን የምወደው ልጅ አለ፤ ልነግረው እፈልጋለሁ። እንዴት ብዬ ልጀምር?» ይላል።

ማዘን አልነበረብኝም? እኔ ግን ተናደድኩ። ሁለት ዓመት አብረን ኖረን ለእኔ ያልነገረችኝን ለሣጥን ትነግራለች? እኔ ከሣጥን አንሼ ነው? ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ መክተት እችል ነበር። ለብቻዋ መመለስ እችል ነበር። አላደረግሁትም። ድምፄን ከፍ አድርጌ እስከ መጨረሻው አነበብኩና ቀና ብዬ አየኋት። ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ አጠገብ። ዓይኔን ሳልነቅል፣ «አገኘሁሽ!» በሚል አስተያየት አየኋት።

አዳራሹ በሙሉ ዓይኔን ተከትሎ ወደ እሷ ዞረ። ከኋላ አንዱ አፏጨ። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ፣ ያ ሁልጊዜ አብሯት የማየው የምትወደው ልጅ፣ ደብተሩን ሰብስቦ ወንበር ቀየረ። ሲምቦ አንገቷን እንደደፋች ተነሥታ ወጣች።

መልሱ ጠፍቶኝ ነው? ምን ሲደረግ! ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው በግንኙነት እንደማያስተላልፍ፣ እንደሚያገባ፣ እንደሚወልድ ተምሬአለሁ። የሥልጠናው መጽሐፍ በእጄ ነበር። እኔ ግን አንድ ቃል ሳልተነፍስ ቀጣዩን ወረቀት ከፈትኩ።

የአቻ ለአቻ ትምህርቱ አስተባባሪ ነገሩን ሰምተው ጠርተው ሲጠይቁኝ፣ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ስሟን አልጠራሁም!» ብዬ ማልኩ። አመኑኝ። ውሸት አለመሆኑ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ወለምታም አልነበረም። ዓይኔ አላዳለጠውም፤ ፈልጌ አየኋት። ሲምቦ በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ፣ ትምህርቷን ጥላ ወደ ዲጋ ሄደች። በዓመቱ መጨረሻ ለእኔ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ተጨበጨበልኝ፣ እኔም እጅ ነሥቼ ተቀበልኩ!

አምና እግሬን እየጎተትኩ ዲጋ ሄድኩ። እናቷ ልጃቸው ለምን ትምህርት እንዳቋረጠች እስከ ዛሬ አያውቁም። «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ! ነይ ልጄ፣ ግቢ! ከኮሌጁ የጠየቃት አንቺ ብቻ ነሽ፤ ዋቃ ይባርክሽ» አሉኝ። ምርቃቱን «አሜን» ብዬ ተቀበልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሲምቦ እስከ መኪና መንገዱ ሸኘችኝ። ስንት ቀን ያጠናሁትን ይቅርታ ልናገር አፌን ስከፍት የወጣው ምን ይመስላችኋል?

«ስምሽን እኮ አልጠራሁም።»

«ኤዬ፣ አልጠራሽም» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ እንኳ የለም። «ጥያቄዬን ግን መቼ መለስሽልኝ?»

መኪናው መጣ፤ ገባሁ። ዛሬም አልመለስኩላትም። ልጅ ነበርኩ፣ ሳላስበው ነው፣ ቅናት ነው የምትል አንዲት ምክንያት እንኳ በዚህ ወረቀት ላይ አላስቀምጥም። ይቅርታ ከእናንተ አልለምንም፤ የእናንተ አይደለምና። ስሟን አልጠራሁም። አየኋት፤ አውቄ፣ ፈልጌ አየኋት።