የእህቴ እርጋታ

ቀስ ብላ የምትራመድ ልጅ ጨዋ ናት ይባላል። ስሕተት ነው። ትንፋሽ አጥሯት ይሆናል።

ሰሞኑን አንድ ሕንፃ ደረጃ ስወጣ ከኋላዬ የአንዲት ወጣት ትንፋሽ ሰማሁ፤ አጭር፣ የተቆራረጠ፣ ሰው እንዳይሰማባት የምታፍነው ትንፋሽ። ያ ድምፅ መልሶ ደብረ ታቦር ወሰደኝ። ከገበያው ወደ ቤታችን በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ዝናብ ያረጠበው ባሕር ዛፍ እየሸተተ፣ ታላቅ እህቴ ቆማለች። ነጠላዋን የምታስተካክል ትመስላለች። ጉንጯ ቀልቷል።

ሰፈሩ በሙሉ ያደንቃት ነበር። «እርጋታዋን አያችሁልኝ?» ይላሉ ሴቶቹ። «ጉንጯስ! ደም እኮ ነው የሚመስል!» በሽታን እንደኛ አሳምሮ የሚያሞግስ አገር ይኖር ይሆን? ጋደም ስትል ስለሚያፍናት ግድግዳ ተደግፋ እንደምታድር የምናውቀው እኛ ብቻ ነበርን። እኔ ከመጋረጃው ማዶ ሆኜ ሳሏን አዳምጥ ነበር፤ ሳሉ ሲቆም ደግሞ ይበልጥ እፈራለሁ።

የእርጋታዋና የጉንጯ ወሬ ይፋግ ከተማ ድረስ ደረሰና ከአንድ ነጋዴ ቤት ሽማግሌ መጣ። እናቴ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ሽማግሌዎቹ ለመልስ ተቀጥረው በሄዱበት ሳምንት፣ እህቴ ስታስል መሐረቧ ላይ ደም አየን። አባቴ ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ እናቴና እኔም ተከተልን።

ወጣቱ ሐኪም በግራ ጎኗ አስተኛትና ማዳመጫውን ጡቷ ሥር አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ክፍሉ አልኮል አልኮል ይሸታል።

«ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ያማት ነበር?»

«ጉሮሮውን የማያመው ልጅ ደግሞ የት አለ?» አለች እናቴ።

«መገጣጠሚያዋንስ?»

እናቴ አባቴን አየችው። አንድ ክረምት እህቴ ጉልበቷ አብጦ ስትሰነብት ብርድ ነው ብለን ቅቤ አሽተንላት ነበር።

ሐኪሙ አስረዳን። ያ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ቀርቶ የልቧን በር አጥብቦታል፤ ደሙ ማለፍ ሲያቅተው ሳንባዋ ውስጥ ይጠራቀማል። የሚዋጥ መድኃኒትና በየወሩ የሚወጋ መርፌ አዘዘላት። በሩን ለማስፋት ግን አዲስ አበባ መሄድ ነበረባት፤ እዚያ በጭኗ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ ጫፉ ላይ ባለች ፊኛ ይከፍቱታል።

«ፊኛ?» አለች እናቴ። «በልጄ ልብ ልትጫወቱ ነው?»

«እማማ፣ እንዲህ እንዳለች ብታረግዝ ልትሞት ትችላለች።»

እናቴ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሠርጉ እስኪያልፍ ለሰው አትንገርብን፣ የኔ ልጅ።»

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጡ። እህቴ ጠላ ልትቀዳ ገባች። አንደኛው ሽማግሌ ብርጭቋቸውን እያስሞሉ «ተባረኪ ልጄ፤ በልጅ በልጅ ያንበሽብሽሽ» ሲሏት ጆጉን መሬት አስቀመጠች።

«አባባ፣ እኔ የልብ በሽተኛ ነኝ። ሳልታከም ብትወስዱኝ ለልጃችሁ ሬሳ ነው የምትድሩለት።»

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ተመልሰውም አልመጡ። እናቴ «አዋረድሽን!» እያለች አለቀሰች። አባቴ ግን ልብሱን ሸከፈና በማግስቱ እህቴን ይዞ አዲስ አበባ ወረደ።

እዚያም ተራ ይጠበቃል። ጎረቤታችን «ስልክ!» ብላ በተጣራች ቁጥር እናቴ «አንተ ሂድ፤ እኔ አልችልም» ትለኛለች። እኔም እሄዳለሁ። አንድ ቀን የአባቴ ድምፅ መጣ። «ተከፈተ» አለኝ። «አሁን ተኝታለች። በጀርባዋ።»

ያ የነጋዴ ልጅ ሌላ አገባ። እህቴን ግን ወሬው በሄደችበት ሁሉ እየቀደማት፣ ለጋብቻ የሚጠይቃት ጠፋ። እናቴ እስከ እርጅናዋ ድረስ «ያን ቀን ዝም ብትይ ኖሮ ዛሬ የልጅ ልጅ አቅፌ ነበር» ትላት ነበር። እህቴ የእናቴን እግር እያጠበች ትስቃለች፤ «ዝም ብል ኖሮ ማን ያጥብሽ ነበር፣ እማዬ?» እናታችን ያረፈችውም እሷ ክንድ ላይ ነው።

ቤታችሁ ውስጥ ትንፋሽ የሚያጥራት ልጅ ካለች፣ ይህን ማንበብ ተዉትና ሐኪም ቤት ውሰዷት። ሽማግሌ ይጠብቅ።