ጃንጥላው ያልተሻገረው ሐይቅ

የሐይቁን ስም አልጠራም። ውሃው ምን አጠፋ? ከሰበታ በጅማ መንገድ ወጥቶ፣ ተጂን አልፎ፣ ገና ብዙ ከተሄደ በኋላ የሚገኝ፣ መሀሉ ላይ ደሴት፣ ደሴቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ሐይቅ ነው ብዬ ልለፈው። ሰው ግን «በጀልባ ዘና እንበል» ሲል ከሰማሁ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

እኔና እናቴ መጀመሪያ የሄድነው ዘና ለማለት አልነበረም። ስለት ልናደርስ ነው። ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ሰበታ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሥራውን ለቆ በሱዳን አድርጎ ወደ ሊቢያ ከሄደ በኋላ ድምፁ ጠፋ። እናቴ ስልኳን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ መዋል ጀመረች። ሽንት ቤት እንኳን ይዛው ትገባለች። መብራት ጠፍቶ ባትሪው ሲያልቅማ የምትይዘው የምትጨብጠው ይጠፋታል፤ ቻርጀሯን ይዛ መብራት ያለበት ቤት ፍለጋ ሰፈሩን ታካልላለች።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስትመለስ፣ የዚያ ደሴት ታቦት ስለት ሰሚ ነው ሲባል ሰማች። እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆማ ተሳለች። «ድምፁን ብቻ አሰማኝ፤ ጃንጥላ ይዤ ደጅህ እመጣለሁ።» ቤት ገብታ ስትነግረኝ ተቆጣኋት።

«ከተሳልሽ አይቀር ‹አምጣልኝ› አትይም ነበር?»

«አይ አንቺ ልጅ!» አለችኝ። «ሁሉም ነገር በአንዴ አይጠየቅም። መጀመሪያ ድምፁን ልስማ።»

ደወለ። መስመሩ እየተቆራረጠ «እማ፣ አለሁ» አላት። እልል አለች፤ ጎረቤት ደንግጦ ወጣ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ልቅሶዋን ለቀቀችው። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። የደስታ ይሁን የሌላ እንጃ።

ጃንጥላውን ራሷ መርጣ ገዛችው። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ተሰፍቶበታል። ቤት አምጥታ ስትዘረጋው ዘርፉ በአንድ በኩል ተተርትሮ ተገኘ። ወርቃማ ክር ብትፈልግ አጣች። ያላት አረንጓዴ ነበርና በሱ ጠቀመችው። «አስቀየምሽው እኮ» ብዬ ሳቅኩባት። «ታቦቱ ክር አይመርጥም» አለችና ክሩን በጥርሷ ነክሳ ቆረጠችው።

በሚኒባስ፣ ከዚያም በባጃጅ ደረስን። እግራችን መሬት ሳይነካ ደላሎቹ ከበቡን። አንዱ ቦርሳዬን፣ አንዱ ክንዴን። ኧረ በሞቴ ልቀቁኝ ብል ማን ሰምቶኝ! ከመሀላቸው አንድ ጎልማሳ ቀረብ ብሎ እናቴን በኦሮምኛ «ሀርሜ ኮ፣ አካም ጅርቱ?» አላት፤ እናቴ፣ እንዴት ናችሁ ማለቱ ነው። አለቀ። እናቴ ከእርሻ ቤት የወጣች ሰው ናት፤ በሁለቱም ቋንቋ ነው ያደገችው፤ በኦሮምኛ እናቴ ያላት ሁሉ ልጇ ይመስላታል። ጤናውን ጠየቀችው፣ እናት አባቱን ጠየቀችው፣ ከብቱንም ሳትጠይቀው አልቀረችም። እኔ ዋጋውን ጠየቅኩት።

«ሁሉም ነገር ያለበት ነው እህቴ። ሌላ የምትከፍሉት የለም። ራኮ ህንቀቡ፣ ችግር የለም።»

ከፈልን። ጀልባዋ ጋ ስንደርስ የሕይወት አድን ጃኬቱ ለብቻው ነው ተባለ። ከፈልን። ከዚያ አስጎብኚ ግዴታ ነው ተባለ፤ አስጎብኚውም ራሱ ጎልማሳው ሆኖ አረፈው። ስጨቃጨቅ እናቴ እጄን ጨመቀች፤ «ተይ፣ ለስለት መንገድ ክርክር ጥሩ አይደለም።» ከፈልን። ነዳጅ ጨምሯል ተባለ። ሞተሩ ተነሥቶ ከዳር ስንርቅ የቀረችኝ የመመለሻችን ትራንስፖርት ብቻ ነበረች።

እናቴ ጀልባ ላይ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና፣ ጃንጥላውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከንፈሯ ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል። ደሴቱ እየቀረበ ሲመጣ የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ከጥዱ መሀል ብቅ አለ። ይሄኔ ጀልባዋን የሚነዳው ያው ጎልማሳ ሞተሩን አጠፋው።

«እዚህ ድረስ ነው» አለ።

«እንዴት እዚህ ድረስ?»

«ቲኬታችሁ ዞሮ ለማየት ነው። ደሴቱ ላይ መውረድ ለብቻው ይከፈላል።»

ወይ ጉድ! ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። በሞባይል ባንኪንግ ልላክልህ ስለው ኔትወርክ የለም። ዳር ስንደርስ እሰጥሃለሁ ስለው ሁሉም እንደዚያ ይላል አለኝ። መታወቂያዬን ላስይዝህ አልኩት። ንፋስ እየተነሣ ነው፤ ሌላ ሰው እየጠበቀኝ ነው አለ። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገባችን ነው፤ ቄስ ቢያስል ይሰማል።

እናቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ጃንጥላውን ሰጠችው።

«እንካ ልጄ። አንተ ሁልጊዜ እዚህ ነህ። አድርስልኝ።»

በኛ ሰፈር ስለት በሰው እጅ ይላካል። ወደ ንግሥ የሚሄድ መኪና ቆሞ ከተገኘ፣ ለማያውቁት ሰው በመስኮት ሻማም ብርም ይሰጣል። ስምህ ማነው የሚል የለም። እናቴ ራሷ የስንቱን ስለት አድርሳለች። ስለት ደፍሮ የሚበላ ሰው በምድር ላይ ይኖራል ብላ አታስብም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አላሰብኩም። ሰውዬው በሁለት እጁ ተቀበላት። ሳመው እንኳን።

ስንመለስ እኔ ተቃጥዬ ማንንም ማናገር አልፈለግኩም፤ እሷ ግን ፊቷ በርቶ ነበር። ተጂ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም «እፎይ፣ ዕዳዬን አወረድኩ» አለችኝ። ላገኘችው ጎረቤት ሁሉ «ስለቴ ደረሰ» ትል ነበር።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የወንድሜ ስልክ እንደገና ጠፋ። ይሄን ጊዜ ግን አልተረበሸችም። እኔ ስንገበገብ እሷ ታጽናናኛለች። «ስለቴን ተቀብሎኛል እኮ። ኔትወርክ ነው። ይደውላል።» ክረምቱ ሲገባ ታመመች፤ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ስልኩ ትራሷ ሥር ነበር። እሷ ከሄደች በኋላም ቁጥሩ እንዳይዘጋ ካርድ እሞላለሁ፣ ቻርጅ አደርጋለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ከኔ ስልክ ጋር ይዞራል። ወንድሜ የሚያውቀው የሷን ቁጥር ብቻ ነዋ።

ሙት ዓመቷን ካወጣን በኋላ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ለሽርሽር ወጡ። እኔ ከሰፈራችን ከዓለም ገና ወደ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ የምሠራ ሰው ነኝ፤ የእረፍት ቀኔን በመኪና መንገላታት አልወድም። የሚሄዱበትን ሐይቅ ስሰማ ግን እሺ አልኩ። የእናቴን ጃንጥላ በታቦቱ ደጅ ቆሞ ልየው ብዬ ነው። ይሄው ብቻ ነበር ሐሳቤ።

ዳር ስንደርስ ያው ጩኸት፣ ያው ጉተታ። ከጀልባዎቹ በአንደኛዋ ላይ አንዲት ሴት ቀይ ጃንጥላ ዘርግታ ፎቶ ትነሣለች። «ጥንታዊ ነው!» ይላል ያ ጎልማሳ ሰውዬ፣ «ከደሴቱ የመጣ ነው! ይዞ መነሣት ለብቻው ይከፈላል!» ከፋዩ በፀሐይ ነጥቶ ሮዝ ሆኗል። ጃንጥላ ሁሉ ይመሳሰላል ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። ቀረብ አልኩ። ከዘርፉ መሀል አረንጓዴው ክር አለ።

አፌ ተከፈተ። ሴትዮዋ ጃንጥላውን ጥላ ወረደች፣ የሥራ ባልደረቦቼ እየሮጡ መጡ። «የእናቴ ነው! የእናቴ ስለት ነው! በሁለት እጅህ ነው የተቀበልካት!» አልኩት። ሰውዬው መጀመሪያ ካደ። ክሩን ሳሳየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ።

«ላደርሰው ነበር፤ እውነቴን ነው። ያን ቀን ንፋሱ አላሻገረኝም። በማግስቱ አንዷ ቱሪስት አየችውና ይዛው ፎቶ ተነሣች፤ ሳልጠይቃት ከፈለችኝ። ስለት ስለሆነ ፈርቼ ነበር። ሰነበትኩ፣ ምንም አልሆንኩም። ከዚያ በኋላ ለመድኩት።»

ልመታው እጄን አነሣሁ። ከዚያ ተጂ ላይ የበራው ፊቷ ትዝ አለኝ። ይህ ሰው ያን ቀን ጃንጥላውን ባይስመው ኖሮ እናቴ በዕዳዋ እየተጨነቀች ትሞት ነበር። ይሄን ማሰቡ ይባስ አናደደኝ። እጄን መለስኩና «አሻግረኝ» አልኩት።

አሻገረኝ። ጃንጥላውን አንሥቼ ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ። ደሴቱ ጋ ስንደርስ ደግሞ አንድ ሌላ ሰው ቲኬት ይዞ ቆሟል፤ መውረጃ ይከፈላል አለኝ። ከፈልኩ። ያን ቀን አጥተናት የተመለስንባትን ክፍያ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያገኘኋቸው ሸምገል ያሉ ቄስ ናቸው። ጃንጥላውን ተቀብለው ዘረጉት፣ አገላብጠው አዩት።

«ፀሐይ በልቶታል» አሉ።

«መንገድ ላይ ቆይቶ ነው፣ አባ።»

«የማን ስለት ነው?»

«የእናቴ።»

የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «አሉ?» አሉኝ። «የለችም፤ አርፋለች» አልኩ። ስሟን ይዘው በለሆሳስ ጸለዩላት። እኔ ቆሜ ዘርፉን አያለሁ። ሲጨርሱ ስለቱ ስለ ማን እንደነበር ጠየቁኝ። ስለ ወንድሜ ነው አልኩና የሱንም የክርስትና ስም ነገርኳቸው።

«እሱንስ ከሕያዋን ጋር ልጥራው ወይስ ካረፉት ጋር?»

የእናቴን ስልክ ከቦርሳዬ አወጣሁት። ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም። እዚያ ደሴት ላይ ኔትወርክ እንደሌለ አውቃለሁ።

«ከሕያዋን ጋር» አልኩ። ድምፄ አንሶ ኖሮ አባ ጆሯቸውን አስጠግተው ደግመው ጠየቁኝ።