ቃሉን ያጠፈው ዝናብ

ልጅ ሳለሁ ዝናብ ሰው ይመስለኝ ነበር። እግር ያለው፣ ዳገት የሚያደክመው፣ ሸክሙን አውርዶ የሚያርፍ ሰው። እንዲህ ብዬ እንዳምን ያደረጉኝ የአባቴ አጎት አያ ጫኔ ናቸው። አያ ጫኔ ልጅ አልነበራቸውም፤ ሚስታቸው ስትሞትባቸው ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ካለው ቤታችን ገብተው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር።

ተረት የምንሰማው ቤት ውስጥ አልነበረም። ከገብስ ማሳችን ራስጌ አባቴ የተከለው ጥቂት ዲከረንስ ነበረን፤ በእኛ አገር ለከሰል ተብሎ የሚተከለው ዛፍ ነው። በበጋ ተቆርጦ ይከመርና በቅጠልና በአፈር ተደፍኖ ለቀናት ውስጥ ውስጡን ይነዳል። ክምሩ ጠባቂ ይፈልጋል፤ አፈሩ ተቀዶ ነበልባል ከወጣ ያ ሁሉ ድካም አመድ ሆኖ ይቀራል። ጥበቃው የአያ ጫኔ ነበር። ያኔ ምሽት ላይ፣ እራት እስኪደርስ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ በላይ ከጎረቤት ልጆች ጋር ክምሩን ከብበን እንቀመጣለን፤ ፋኖሱ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጀርባችን በብርድ እየተጠበሰ፣ ፊታችን በሙቀት እየቀላ፣ ጢሱ ዓይናችንን ሲለበልበን እንባችንን በእጅጌያችን እየጠረግን አፋቸውን እናያለን።

ባሕር ብዙ ወንዶች ልጆች ወለደች ይሉን ነበር። ልጆቿ ሁሉ ዝናብ ናቸው። ሲያድጉ አገር አካፈለቻቸው። ለበኩሩ ህንድ ደረሰው፤ እሱ ግዙፍና ጯሂ ነው፣ ሲመጣ ቤት ያፈርሳል። አንዱ ወደ ቻይና ሄደ፣ አንዱ ከሱዳን ማዶ ወዳለው ወደ ምዕራብ አገር። የየመኑ ሰነፍ ነው፤ ደጃፍ ላይ ብቅ ብሎ ሰላም ይልና ይመለሳል። የእኛው የመጨረሻው ልጅ ነው። እናትየዋ ከመላኳ በፊት ሁሉንም አስማለቻቸው፦ ቀናችሁን እንዳትስቱ፣ ሰው ዘሩን አፈር ውስጥ የሚጥለው እናንተን አምኖ ነው አለቻቸው። የእኛው ታዲያ ውሃውን ተሸክሞ በጫግኒ ቆላ በኩል ዳገቱን እያለከለከ ይወጣና ደጋችን ላይ ሲደርስ ሸክሙን ያወርዳል። አያ ጫኔ የሌላ አገር ወንድማማቾችን ንግግር በአማርኛ ነበር የሚያወሩልን፤ የእኛው ዝናብ ሲናገር ግን በቤታችን ቋንቋ፣ በአውንጊ ነበር የሚናገረው። ህንድ የሄደው አማርኛ ከየት ተማረ ብሎ በላይ ሲጠይቃቸው በሚቆሰቁሱበት እንጨት ይቃጡት ነበር። ተረቱ የሚያበቃው ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነው፤ ከወንድሞቹ ሁሉ ቃሉን አጥፎ የማያውቀው የእኛው ነው።

ይህንን ለማመን አንቸገርም ነበር። በእኛ አገር ዝናብ በዛ ተብሎ ይታማል እንጂ ቀረ ተብሎ አይታማም። ሰፈሩም ቢሆን በአያ ጫኔ ቃል ነበር የሚያድረው። ግንቦት ሲገባ እሳቸው ወደ ጫግኒ በኩል ያለውን ሰማይ ያያሉ፣ ነፋሱን ያሸታሉ፣ አፈሩን በመዳፋቸው ጨብጠው ይለቁታል። የመጀመሪያውን እፍኝ ገብስ እሳቸው ሳይበትኑ ዘር የሚያወጣ ጎረቤት አልነበረም። በእሳቸው እጅ የተጀመረ ዘር ይበረክታል ይባል ነበር፤ አንድ ሰው ቀድሞ ቢዘራ እንኳ ድፍረት ሆኖ ነበር የሚታይበት።

በላይ ስምንተኛ ክፍልን በሚጨርስበት ዓመት ነው ነገሩ የመጣው። ዘጠነኛ ክፍል ያለው እንጅባራ ነው፤ የገጠር ተማሪ እዚያ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ይማራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ወላጆቹ ይመጣና ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። የበላይ ስንቅ ያ ገብስ ነበር። ገብሱ ከደረሰ ይማራል፣ ካልደረሰ አይማርም። ይህንን ማንም ቁጭ ብሎ ባያስረዳኝም እኔም አውቀው ነበር፤ በላይም ያውቅ ስለነበር ያን ሰሞን ሳይታዘዝ ነበር ማሳ የሚወርደው።

ግንቦት እንደገባ ከጫግኒ በኩል ነጎድጓድ ተሰማ፣ ሰማዩም ጠቆረ። በተከታታይ ጥሩ ዝናብ ጣለ፤ አፈሩ ራሰ። ጎረቤቶች አመሻሹ ላይ ከሰሉ ክምር ዘንድ መጥተው አያ ጫኔን ከበቧቸው። እሳቸውም ነገ እንዝራ አሉ። አባቴ ግን ያን ቀን ልቡ አልቆረጠለትም። ነፋሱ አላማረኝም፣ ግማሹን ዘርተን ግማሹን ጎተራ ውስጥ እናቆየው አለ። አባቴ ከአጎቱ ቃል ሲወጣ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አያ ጫኔ አልተቆጡም። ተረቱን፣ ለእኛ ለልጆቹ የሚነግሩንን ያንኑ ተረት፣ ለትልልቆቹ ሰዎች ከመጀመሪያው አንስተው ነገሯቸው፤ ማንም አልሳቀም። ሲጨርሱ ወደ አባቴ ዞረው፣

«ለዝናብ ግማሽ የሚሰጥ ገበሬ ግማሽ ነው የሚያገኘው» አሉት። «የልጅህን ስንቅ በግማሽ ልታደርገው ነው?»

አባቴ በላይን አየው። ከዚያ ሁሉም ይዘራ አለ።

ጎተራው ተጠርጎ ወጣ። ገብሱ በቀለ፤ ማሳው አረንጓዴ ሲሆን በላይ ዳር ዳሩን እየዞረ ያየው ነበር። ከዚያ ሰማዩ ጠራ። መጀመሪያ ማንም አልደነገጠም፤ ለአረም ይመቻል ተባለ። ሰኔ ግን እንደ ጥር አለፈ። አቧራ ተነሣ፣ ቡቃያው ጫፉ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎም ወደ መሬት ተኛ። ቤተ ክርስቲያን ምህላ ተያዘ። በሬዲዮ ኤልኒኖ የሚባል ነገር ይወራ ጀመር፤ እናቴ ይኼ ሰውዬ ምን በደልነው ብላ ትጠይቅ ነበር። አያ ጫኔ ጎሕ ሲቀድ ወጥተው ወደ ጫግኒ በኩል ፊታቸውን አዙረው ይቆማሉ፤ እንግዳ የጠሩና እንግዳው የቀረባቸው ሰው ይመስሉ ነበር። ቁርስ ሲቀርብላቸው እንደ ድሮው በልቶ መነሣት ቀረ፤ ቆርሰው ለእኛ ይሰጡናል።

ዝናቡ ሐምሌ ሲጋመስ መጣ፤ እልኸኛ ሆኖ መጣ። ራቁቱን የነበረውን ማሳ አፈሩን ጠርጎ ወደ ወንዝ ወሰደው። የሚዘራ ግን በቤታችን አልነበረም፤ በጎረቤትም አልነበረም፤ ሁሉም በአንድ ሰው ቃል በአንድ ቀን ጎተራውን ጠርጎ ነበርና። የቀረልን ራስጌ ያለው ዲከረንስ ነው፤ እሱም ከጥቂቱ በቀር ገና ቀጭን ነበር።

መስከረም ላይ ጓደኞቹ ደብተር ይዘው እንጅባራ ሲሄዱ በላይ ጋቢውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ከሌሎች ወጣቶች ጋር አይሱዙ ላይ ተሳፈረ። ጫግኒን አልፎ ቆላ ወርዶ በሰው እርሻ ላይ ሊሠራ ነው። ለሚመጣው ዓመት ዘር ይዤ እመጣለሁ፣ ከዚያ እማራለሁ አለ። እናቴ ወባ አለ አትሂድ ብላ ለምናው ነበር። ኅዳር መጨረሻ ላይ በሁለት ጓደኞቹ ተደግፎ ተመለሰ፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ይዘውት ሮጡ። መንገድ ላይ ዐረፈ።

ለቅሶው ላይ አያ ጫኔን አንድም ሰው አልወቀሳቸውም። አባቴ ቀና ብሎ እንኳ በክፉ አላያቸውም፤ እንደ ድሮው ቅድሚያ ለእሳቸው ተነሥቶ ቦታ ይለቅላቸው ነበር። ቢቆጣቸው ይሻላቸው እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን እኔ ተቆጥቻቸው ነበር፤ ልጅ ነኝና ዝናቡን የማገኝበት መንገድ ስላልነበረኝ በእሳቸው ተቆጣሁ።

ከዚያ በኋላም ከሰሉን ይጠብቁ ነበር፤ ጢሱም ፋኖሱም ያው ነው። ተረቱ ግን ቀረ። ትንንሾቹ ልጆች የባሕርን ልጆች ንገሩን ሲሏቸው ረሳሁት ይሏቸዋል። ግንቦት መጥቶ ጎረቤቶች እንደ ልማዳቸው እንዝራ ወይ ብለው ሲመጡ ከተቀመጡበት አልተነሡም።

«እኔን አትጠይቁኝ» አሏቸው። «እኔ የማውቀው ዝናብ ሞቷል።»

አባቴ የማሳውን አብዛኛውን ክፍል ዲከረንስ ተከለበት። ለገብስ የቀረችው ከቤታችን ጓሮ ያለችው ቁራጭ መሬት ብቻ ናት።

እኔ በከሰሉ ገንዘብ ተማርሁ። በላይ ሊሄድበት በነበረው መንገድ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቄን ተሸክሜ እንጅባራ ተመላለስሁ፤ በኋላም ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። እዚያ ከባሕር ዝናብ ይዞ ስለሚነሣው፣ ሞንሱን ስለሚባለው ነፋስ ስንማር የባሕር ልጆች ትዝ አሉኝ። የህንዱና የእኛው ክረምት እውነትም ዘመዳሞች ናቸው፤ ከዓለም ወዲያኛው ጫፍ ያለ ባሕር ያለ ልክ ሲሞቅ ሁለቱም ይታወካሉ። ሌላም ነገር ተማርሁ። ዝናብ ጥንትም አንድ ቦታ የጸና አልነበረም። ዛሬ አሸዋ የሆነው ሰሃራ በአንድ ዘመን ሐይቅና ሣር ነበረው፣ ሰዎች ከብት ያረቡበት ነበር፤ ከዚያ ክረምቱ እየሸሸ እየሸሸ ሄዶ ቀረ። ይህንን ሳነብ ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል? ለአያ ጫኔ የምወስድላቸው ነገር ያገኘሁ መሰለኝ።

ለዕረፍት ስመለስ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋቸው። እርስዎ አልተሳሳቱም፣ ዝናቡ ነው የተለወጠው፤ ድሮም ይለዋወጥ ነበር፣ አገር ሙሉ ጥሎ የሄደበት ጊዜ አለ አልኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ፣

«እነዚያ ከብት ያረቡ የነበሩት ሰዎች፣ ዝናቡ ጥሏቸው እየሄደ መሆኑን ያውቁ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«አያውቁም ነበር ይመስለኛል» አልሁ። «በአንድ ጊዜ አልሄደም፤ በብዙ ትውልድ ነው። ሲቀር አንድ ክፉ ዓመት ነው፣ ይመለሳል ብለው ሳይጠብቁት አይቀሩም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያው እነሱም እንደኔ ያለ ሽማግሌ ነበራቸው» አሉ።

ሸክማቸውን ላወርድላቸው ሄጄ የማላውቃቸውን ሰዎች ሁሉ ሬሳ ጨመርሁባቸው። አያ ጫኔ የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ዐረፉ።

ከልጅነቴ ከእኔ ጋር የቀረው ተረቱ ነው ብል ደስ ባለኝ። ተረቱንማ እስከ ቃሉ አስታውሰዋለሁ፤ ግን ለማንም ልጅ ነግሬው አላውቅም። አብሮኝ የቀረው ሌላ ነው። ግንቦት በገባ ቁጥር አባቴ ይደውልልኛል። ከጫግኒ በኩል ጠቁሯል፣ ጎረቤቶችም የተማረችው ልጅህ ምን እንደምትል ጠይቅልን ብለው እዚሁ ቁጭ ብለዋል ይለኛል። «እንዝራ ወይ ልጄ?»

ትንበያውን አንብቤያለሁ፤ ካርታውን አይቻለሁ፤ ምናልባት ይላሉ እንጂ አይምሉም። ከስልኩ ወዲያ የሰዎች ሳል ይሰማኛል። ዝም ስል አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ኔትወርኩ ሄደ መሰለኝ፣ አለሽ ወይ ይላል።

አለሁ እለዋለሁ። ከዚያ በላይ የምለው ቃል እስኪመጣልኝ ድረስ እነሱም ይጠብቃሉ።