የጋሼ ወርቁ ማገዶ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

ከምኖርበት ከታርኔት የወጣሁት ለማስተርጎም ነው። ከሜልበርን በስተምሥራቅ፣ ኮረብታው ላይ የእንጨት ቤት የገዙት ጋሼ ወርቁ ደውለው፣ «ልጄ፣ የኢንሹራንስ ሰዎች ቤቱን ከሰደድ እሳት ለመከላከል ሊያዘጋጁልኝ ይመጣሉ። እንግሊዝኛው እንዳያመልጠኝ አንተ ና» አሉኝ። እዚህ አገር ስገባ ስምንት ወር ቤታቸው ያኖሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ግን ከብርዱ ወራት ወዲህ «የሥራ ሺፍት በዛብኝ» እያልኩ ደጃቸውን አልረገጥኩም።

ባዶ እጄን እንዳልገባ ሆፐርስ ክሮሲንግ ከሚባለው ጎረቤት ሰፈር በአሥራ ሁለት ዶላር ኬክ ገዛሁ። ከተማውን እስካልፍ መኪናው ተንፏቀቀ። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ባህር ዛፉ ውስጥ ገባ። ሣሩ ደርቆ ነጭ ሆኗል፤ የመንገድ ዳሩ የእሳት ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ቀስት ከፍተኛ አደጋ የሚለው ቀዩ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

ሦስት ሰዓት ገደማ

«ተመስገን፣ መጣህልኝ!» ብለው ጋሼ አቅፈው ሳሙኝ። ሁለት ሠራተኞች መሰላል ላይ ወጥተው ከአሸንዳው ደረቅ ቅጠል ይጠርጋሉ። አለቃቸው፣ አንዲት ረጅም ሴትዮ፣ ወጪውን ኢንሹራንሱ እንደሚችል፣ እሳት ሲቃረብም መጥተው ግድግዳውን ውኃ እንደሚረጩ ነገረችኝ። እኔ ስደነቅ እሷ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ፤ ጋሼም ተከተሉን።

እዚያ ማገዶዬ ተደርድሯል። በብርዱ ጊዜ በፒካፕ ጭኜ ያመጣሁት፣ ከግድግዳው አስጠግቼ እስከ መስኮቱ የከመርኩት፣ ፎቶውንም የቤተ ክርስቲያናችን ቫይበር ግሩፕ ላይ የለቀቅኩት! ስንት «ተባረክ» ተጽፎልኝ ነበር። ከላይ ጥቂት ተነስቷል እንጂ ክምሩ እንዳለ ነው።

«ይኼ እዚህ እያለ ሠራተኞቼን እሳት ፊት አላቆምም» አለች ሴትዮዋ። «ለሽማግሌው ባለፈው ወርም ነግሬያቸዋለሁ። ዛሬ ካልተነሳ ቤቱን ከምንጠብቃቸው ቤቶች ዝርዝር አወጣዋለሁ።»

ልተረጉም ወደ ጋሼ ዞርኩ። አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ገብቶኛል። ያኔም ገብቶኝ ነበር» አሉ።

«ታዲያ ምነው ጋሼ? ሰው ጠርተው አያስነሱትም?»

«ተው እንጂ! ወገብህ እስኪቆረጥ የደረደርክልኝን አንተ ሳታውቅ ላፍርሰው? መጥተህ ብታይ ምን ትላለህ? ሻይ እንጠጣ እያልኩ የምደውልልህ ላማክርህ ነበር።»

አራት ጊዜ ደውለዋል። አራቴም «በሚቀጥለው ሳምንት» ብያለሁ። ለካ ማስተርጎሙም ሰበብ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔን ላለማስቀየም ሲሉ እኚህ ሽማግሌ ቤታቸው ሊነድባቸው!

ጃኬቴን አውልቄ ፍልጡን አንድ በአንድ ወደ አጥሩ ጥግ አጋዝኩ። «ይቀመጡ» ብላቸው እምቢ ብለው፣ «አይዞህ፣ ምን አጠፋህ» እያሉ ያቀብሉኛል። አይዞህ ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ ሴትዮዋ ባዶውን ግድግዳ አይታ ቅጹን ፈረመች፤ ቤቱ ከዝርዝሩ አልወጣም።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ታርኔት

እጄን ስንጥር ሞልቶት ገባሁ። ስጦታ ሰጥቶ መጥፋት ነውር መሆኑን ዛሬ ተማርኩ ብዬ እዚህ ማስታወሻዬ ላይ ልጽፍ ስል ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው።

«በሰላም ገባህ? ኬኩን ሳንቆርሰው ሄድክ እኮ።»

«ይብሉት እንጂ ጋሼ!»

«አንተ ሳትኖር? እንዴት ተደርጎ! ስትመጣ እንቆርሰዋለን።»

«በሚቀጥለው ሳምንት» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አፍሬ ዋጥኩት።

«ነገ፣ ከአምልኮ በኋላ እመጣለሁ» አልኳቸው።