ሻንጣው በሰው መልበሻ ክፍል

የኳስ ሰዎች «ሻንጣው» ይሉታል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ዳኞች ናቸው፤ ዳኞቹም ካርድ ሲያሳዩት ስለሚጽፉት ነው። የቀኝ መስመር ተከላካይ ነው፤ ክፉ ተጫዋች አይደለም፣ ድንቅም አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው ክለብ ሁሉ ይፈልገዋል፣ ግን ለአንድ ዓመት ብቻ። ዓመቱ ሲያልቅ ተመስግኖ ይሸኛል።

ሚስቱ እሱ ኳስ ከሚችለው በላይ ዕቃ ማሸግ ትችላለች። ዘንድሮ ግን ቁርጡን ነገረችው።

«ስማ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤቱን ለምዳለች፣ እኔም ወዳጅ ጎረቤት አግኝቻለሁ። ውልህን አራዝመህ ና። አለዚያ አንተ ከኳስህ ጋር ሂድ፣ እኛ ከዚህ ንቅንቅ አንልም።»

«ለኔ ተይው» አለ ደረቱን ነፍቶ።

የክለቡ ፕሬዝዳንት «በመጨረሻው ጨዋታ አይቼው እወስናለሁ» ብለዋል። መቼም የሱ ነገር፣ ተጋጣሚው የቀድሞ ክለቡ፣ ሜዳውም የእነሱ ሆኖ አረፈው።

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። ሻንጣው ማልያውን አውልቆ፣ ፎጣ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ፣ እግሩ እንደለመደው በግራ ያለውን በር ከፍቶ ገባና ድሮ ይቀመጥባት የነበረችው ጥግ ላይ ዘፍ አለ። አጠገቡ ያለው ሰው ውሃ አቀበለው፤ ጠጣ። አሰልጣኙ ይቆጣሉ። «ያ ሽማግሌ ተከላካይ አልቆለታል። በሱ በኩል ብቻ ግቡ።» ሻንጣው በነገሩ ተስማምቶ ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌው ማን እንደሆነ የገባው ቆይቶ ነው።

ፎጣውን ገፎ ሲነሳ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። የቀድሞ አሰልጣኙ ብቻ አልሳቁም።

«ሰማህም አልሰማህም ለውጥ የለውም» አሉት። «እግርህ ያው ነው። አሁንም በአንተ በኩል ነው የምንመጣው።»

እውነታቸውን ነው።

ወደ ራሱ ክፍል እየሄደ ጭንቅ ያዘው። ለራሱ አሰልጣኝ ቢናገር ቀይረው ያወጡታል፣ ውሉም ገደል ገባ። ዝም ቢል ቡድኑን ጉድ ይሠራዋል። በሩ ላይ ቆሞ ጉልበቱንም ዕድሉንም አማረረና ገብቶ ተናገረ።

አሰልጣኙ አፍጥጠው አዩት። «አንተ ሰውዬ፣ እዚያ ምን ልትሠራ ገባህ?»

«ተሳስቼ ነው ጋሼ። ከክለቡ ብዛት የትኛው በር የኔ እንደሆነ ይጠፋኛል።»

አላወጡትም። አንድ ፈጣን አማካይ ከፊቱ አቆሙለት። እነዚያም ግትር ናቸው፣ እንዳሉት በሱ በኩል ብቻ ጎረፉ፤ ሻንጣው ያዘገያቸዋል፣ አማካዩ ይነጥቃቸዋል። ሁሉም እዚያ ተሰብስበው ሌላውን ወገን ባዶ ሲያደርጉት ጎሏ በዚያ ገባችባቸው። ጨዋታው ሲያልቅ ሻንጣው ሣሩ ላይ ተዘርሮ ነበር። ፕሬዝዳንቱ ወርደው «ሁለት ዓመት ትቆያለህ» አሉት።

ለሚስቱ ደወለ። «መሄድ ቀርቷል» አላት።

ማልቀስ ጀመረች።

«ምነው፣ ደስ አላለሽም?»

«ደስማ ብሎኛል። ግን ጎረቤቱን ሁሉ ቤት ለቤት ዞሬ ተሰናብቼ ጨርሻለሁ። አልቅሰው ነው የሸኙኝ፤ አሁን በምን ዓይኔ ላያቸው ነው?»

ሻንጣው ግራ ገባው። «አልሄድም ብለሽ አልነበር እንዴ?»

«ታዲያ» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «ብቻህን ልሰድህ ኖሯል?»