በእማማ የሺ ላይ የዘጋሁት ራዲዮ

ከቤት ርቀው ከሄዱ በኋላ «ማሞቂያውን አጥፍቼዋለሁ ወይስ ረስቼዋለሁ?» ብለው መንገድ ላይ ቆመው ያውቃሉ? እኔ ከዚህ ጭንቀት የሚገላግል ዕቃ ገዛሁ። በዚያው ዕቃ የሠራሁትን በደል ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።

አማኑኤል ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አባቴ ደብረ ማርቆስ፣ እኔ ባደግሁበት ቤት፣ ብቻውን ይኖራል። ጎረቤታችን እማማ የሺ ነበሩ። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው፤ መብራቱም ከአንድ ቆጣሪ ይመጣል። እማማ የሺ የራሳቸው ራዲዮ ኖሯቸው አያውቅም፤ የእኛን በግድግዳው በኩል ያዳምጡ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግድግዳውን በምርኩዛቸው ሲመቱ እሰማለሁ።

«አንተ ሙላቱ፣ ሰውዬው ጉሮሮውን ታሟል እንዴ? ከፍ አድርገውማ!»

«ሰውዬውስ ደህና ነው፤ እርስዎ ጆሮዎን ይታከሙ!» ይላል አባቴ።

ከዚያ በዚህም በዚያም ይሳቃል። ቤታችንን ሳስብ ዛሬም ቀድሞ የሚመጣልኝ ያ ሳቅ ነው።

ዕቃው ቀላል ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ማሞቂያው ደግሞ እሱ ላይ ይሰካል፤ ከዚያ በስልክ ከሩቅ ይበራል፣ ይጠፋል። ውሃ ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ በከንቱ ከሚሠራ፣ አባቴ ወደ ቤት ሊመለስ ሲል እኔ ከአማኑኤል ሆኜ አበራው ጀመር። «እኔንስ በስልክ የምታበራኝ መቼ ነው?» ብሎ ቀለደብኝ። ይህ መልካም ሥራ ነበር። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ!

አላቆምኩም። አባቴ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ ወዳጁ ሱቅ ሲጫወት ቆይቶ ለምሳ ይመለሳል። ሲወጣ ራዲዮኑን ከፍቶት ይሄዳል። የረሳው መሰለኝ፤ አልጠየቅኩትም። ሳልነግረው ሌላ ዕቃ ከራዲዮኑ ጀርባ ሰካሁ። ሲወጣ አጠፋለሁ፤ ሊመለስ ሲል አበራለሁ። ራዲዮኑ ማብሪያው በእጅ የሚዞር አሮጌ ስለሆነ፣ ኤሌክትሪክ ሲመለስለት ራሱ መናገር ይጀምራል። አባቴም ሲገባ እንደተወው ያገኘዋል።

ራዲዮ የሚበላው ኤሌክትሪክ ከማሞቂያ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ይህን ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ታዲያ ለምን አጠፋሁት? ማጥፋት ስለቻልኩ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

አንድ ቀን አባቴ ደወለ። «እትዬ የሺ ራዲዮኑን ለምን ዘጋህብኝ ይሉኛል። እኔ እኮ ከፍቼው የምሄደው ለእሳቸው ብዬ ነው። እግራቸውን ታመው አልጋ ከያዙ ወዲህ ቀኑ አልመሽ ብሏቸዋል። ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?»

ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ነገሩ በሳቅ ባለቀ ነበር። አፈርኩ። «መብራት እየጠፋ ይሆናል አባባ» አልኩት።

አባቴ አምኖኝ ያንኑ ነገራቸው። እሳቸው ግን የሚውሉት በጀርባቸው ተኝተው ነው፤ ከራሳቸው በላይ ያለው አምፖል በርቶ ሲውል አይተዋል።

«በስተርጅናህ ትዋሸኝ ጀመር፣ ሙላቱ? ሰለቸሁህ በለኝ እንጂ» አሉት።

በዚያው ሳምንት ሄጄ ዕቃውን ነቀልኩት። ራዲዮኑ እንደ ድሮው ቀኑን ሙሉ ተናገረ፤ ከፍ አድርገው የሚል ግን ጠፋ። ምርኩዙ ያን ግድግዳ ዳግመኛ አልመታም። ብዙም ሳይቆይ ልጃቸው እሷ ወደምትኖርበት ወደ ቁይ ወሰደቻቸው፤ እዚያው አረፉ። አባቴ ከቀብራቸው ሲመለስ፣ «ለምን ውሸታም እንዳሉኝ ሳላውቅ ሄዱ» አለኝ። እኔ አውቅ ነበር።

ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ውሸታም የተባለው አባቴ ነው። እነግረዋለሁ እያልኩ ስንት ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ደርሼ ተመለስኩ? እሱ ዛሬም ጠዋት ሲወጣ ራዲዮኑን ከፍቶ ይሄዳል፤ ከግድግዳው ማዶ ግን ማንም የለም።

ይቅር በሉኝ ለማለት ገና አልደረስኩም፤ መጀመሪያ አባቴ ይስማ። እርስዎ ግን ዕቃውን ይሞክሩት፤ ማሞቂያዎን ከሩቅ ያብሩበት፣ ይጠቅምዎታል። በሰው ቤት ያለውን ነገር ከማጥፋትዎ በፊት ደግሞ ይህን ይሞክሩ፦ ከግድግዳው ማዶ ሄደው ትንሽ ቁጭ ይበሉና ያዳምጡ።