ጫማውን የያዘችው ልጅ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ እየዘረዘርኩ ይችን ብቻ እዘላታለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ድፍረት ያገኘሁት ለዚህ ይሆናል።

ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው። ጎረቤታችን እማማ ትርንጎ ጧፍ እየሸጡ አንዲት ልጃቸውን ያሳደጉ ሴት ነበሩ። አንድ የማይለውጡት ታሪክ ነበራቸው። ልጅ ሳሉ አንዲት የእንግሊዝ ንግሥት ወደ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ መጥታ ፎቶ ስትነሳ፣ የቀሚሷን ጫፍ ከአፈር እንዲያነሱላት እሳቸውን ጠራቻቸው። ጫማዋ ተረከዟን ስለላጣት አውልቃ በባዶ እግሯ ቆመች፤ ጫማውን እሳቸው በአንድ እጃቸው ከጀርባቸው ደብቀው ያዙላት። ሰፈሩ ይህን በሰማ ቁጥር በሳቅ ይፈርሳል። ንግሥት በባዶ እግሯ? እኔም ልጅ ሆኜ "የንግሥት ጫማ ያዥ" እያልኩ ከኋላቸው የጮህኩ ነኝ። እሳቸው አይቆጡም ነበር። "አላየህ፣ ምን ታውቃለህ" ብለውኝ ያልፋሉ።

ጎልምሼ ሥራ ከያዝኩ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዲት እንግሊዛዊት መጣች። ሥራዋ የድሮ የጋዜጣ ፎቶግራፎችን መሰብሰብ ነው፤ በእናቶቻችን የልጅነት ዘመን በአገሯ ስመ ጥር የነበሩ ተዋንያን፣ መኳንንትና የፋሽን ሞዴሎች በየጋዜጣው የወጡባቸውን። ኤግዚቢሽን ልታዘጋጅ ነበር። ከቦርሳዋ አንድ ትልቅ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አወጣች። ፍርስራሹ በር ላይ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ ቀሚሷ መሬት የሚጠርግ ሞዴል ቆማለች። ንግሥት አይደለችም፤ በዘመኗ ግን ጋዜጠኛው ከንግሥት ባላነሰ ይሻማባት ነበር አለችኝ። አጠገቧ ሹርባ የተሠራች ልጅ የቀሚሱን ጫፍ ይዛለች። ሌላው እጇ ከጀርባዋ ነው።

ወዲያው አወቅኳት። እንዴት አላውቃት?

"የሞዴሏን ስም ሁሉም ያውቀዋል፤ የልጅቷን ግን የጻፈው የለም" አለችኝ። ስሟን ከፎቶው ሥር ልታኖር፣ በሕይወት ካለች እሷን፣ ከሌለች ልጇን ወደ ለንደን ልትጋብዝ ፈልጋለች።

"እናቴ ናት" አልኩ።

ለምን አልኩ? ጉዞውን ፈልጌ ነው? አዎ፣ ፈልጌዋለሁ። ግን እሱ ብቻ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ የነገሥታትን ዘር ለእንግዳ ስቆጥር ኖሬ፣ እስቲ አንድ ቀን እኔም የታሪኩ ልጅ ልሁን አልኩ። እናቴ ያኔ ሞታለች። ያደገችውም ደባርቅ ነው፤ በልጅነቷ ጎንደርን በሩቁም አላየችም። እንግሊዛዊቷ "ሌላው እጇ ለምን ከጀርባዋ ሆነ?" ስትለኝ የእማማ ትርንጎን ቃል የእናቴ አድርጌ ነገርኳት። ጫማውን፣ የተላጠውን ተረከዝ፣ ሁሉንም። የሴትዮዋ ዓይን እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ እኮ።

በማግሥቱ ፎቶው የተነሳበትን ቦታ ላሳያት ወደ ቁስቋም ወጣን። እማማ ትርንጎ ከቤተ ክርስቲያን ሲወርዱ መንገድ ላይ ገጠሙን። ፈረንጅ ባዩ ቁጥር የሚጠይቁት ነገር አለ፤ ዛሬም እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። ፎቶው በሴትዮዋ እጅ፣ ፊቱ ወደ ደረቷ ዞሯል። ትንሽ ዘንበል ብታደርገው አለቀልኝ።

"ምነው ልጄ፣ ፊትህ አመድ መሰለሳ" አሉኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። "ይችን ሸጋ ሴት ጠይቅልኝማ። ያች ንግሥት አለች ወይ? እግሯስ ዳነላት?"

"ምን አሉ?" አለችኝ እንግሊዛዊቷ።

ሁለቱም አፍ አፌን ያያሉ። በመካከላቸው የሁለቱንም ቋንቋ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

"እየመረቁሽ ነው" አልኳት። ለእማማ ትርንጎ ደግሞ "አላውቃትም አለች" አልኳቸው።

"ምነው፣ ያገሯ ሰው አይደለችም?" ብለው ፈገግ አሉ። እጇን ጨብጠው ቁልቁል ሄዱ።

ለንደን ሄድኩ። በፎቶው ሥር፣ በእናቴ ስም አጠገብ ቆሜ የማላውቀውን ሰው ሁሉ እጅ ጨበጥኩ። ስመለስ ለሰፈሩ "ለሥልጠና ነበር" አልኩ። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? አላቆምኩም።

ከዓመታት በኋላ እማማ ትርንጎ አልጋ ያዙ። ልጃቸው አለሚቱ ደጄ መጣች። የንስሐ አባታቸው ሊያናዝዟቸው ነው፤ እሷን ያስጨነቃት ደግሞ ያ የንግሥት ወሬ ነው። እናቷ ውሸት ተሸክመው እንዳይሄዱ ፈርታለች።

"ወንድሜ፣ አንተ ፈረንጁንም ታሪኩንም ታውቃለህ። እንዲህ ያለ ነገር እውነት ነበር ወይ?"

ከለንደን ይዤው የመጣሁት የፎቶው ቅጂ ከኋላዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። እጄን ብሰድ እደርስበታለሁ። እኔ ግን "እንዲህ ያለ ነገር በታሪክ ሰምቼም አላውቅ" አልኳት። "ቢናዘዙት ይሻላቸዋል" አልኳት። ማን አስገደደኝ? ማንም። አለሚቱ አመስግናኝ ሄደች።

እማማ ትርንጎ ከተናዘዙ በኋላ እንደ ወጉ ጎረቤቱን ይቅርታ ሊጠይቁ አስጠሩ። ብቀር ያስታውቅብኛል ብዬ ሄድኩ። እኔ ጋ ሲደርሱ እጄን ያዙ።

"ያች ሴት ውሸት ናት አሉኝ" አሉ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው። "ለኔስ እውነት ይመስለኝ ነበር። የልጅ ሕልም ይሆናል። ያኔ ስትስቅብኝ ልክ ነበርህ። ይቅር በለኝ ልጄ።"

እኔ ምን አልኩ? "እግዚአብሔር ይፍታዎት" አልኩ። በዚያች አፌ እንዲህ አልኩ። በማግሥቱ አረፉ።

ስም የሰረቀ ሰው ስሙን ይመልሳል። እኔ በዓይናቸው ያዩትን አስክጃቸው፣ እውነታቸውን እንደ ኃጢአት አስናዝዣቸዋለሁ፤ ይህን ለማን እመልሳለሁ? ልጅ ነበርኩ አልልም፣ አልነበርኩም። ደንግጬ ነው አልልም፤ ለማሰብ ዓመታት ነበሩኝ። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይህን መጻፍ ስጀምር፣ እንደጨረስኩ ፎቶውን ይዤ አለሚቱ ቤት እገባለሁ ብዬ ነበር። ቤቷ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። በሯ ክፍት ነው፣ እሷም ደጅ ወጥታ ልብስ እያሰጣች ነው። ጽፌ ጨርሻለሁ። ገና አልተነሳሁም።